ክላስዶጆ፦ ነጥቡን ትተው ታሪኩን ለሚያነቡ ወላጆች

ልጆቼ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሲጀምሩ ከትምህርት ቤቱ ጋር የምንገናኘው በሁለት መንገድ ነበር፤ አንደኛው ኮሙኒኬሽን ቡክ በሚባለው የመገናኛ ደብተር፣ ሁለተኛው ደግሞ ተባዝቶ በልጆቹ እጅ በሚላክ ወረቀት ነው። ደብተሩ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ መምህርቷ ትጽፋለች፣ ወላጅ አንብቦ ይፈርማል፣ በማግስቱም ፊርማው ይታያል። ወረቀቱን ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ከቦርሳው ግርጌ፣ በእርሳስ ቅርፋፊ መካከል ተጨማድዶ ነበር። ክላስዶጆ የተባለውን መተግበሪያ በወላጅነት ለ3 ዓመታት ከተጠቀምኩ በኋላ ይህን ግምገማ ስጽፍ መለኪያዬ ያ ደብተርና ያ ወረቀት ናቸው፤ ከእነርሱ በምን ይሻላል፣ እነርሱ ያልነበረባቸውን ምን ጣጣስ ያመጣል የሚለውን ለማየት እሞክራለሁ።

ክላስዶጆን እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረቱት ሳም ቻውድሪ እና ሊያም ዶን ናቸው። ዶጆ ጃፓኖች የካራቴና የጁዶ ማሠልጠኛ አዳራሻቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንደሚባለው፣ መተግበሪያው መጀመሪያ የታሰበው መምህር ክፍሉን ሥርዓት እንዲያስይዝበት፣ ለመልካም ጠባይ ነጥብ እንዲሰጥበት፣ ለረብሻም ነጥብ እንዲቀንስበት ነበር። ለቤተሰብ የሚላከው መልእክት፣ ፎቶግራፍና ጽሑፍ የሚለጠፍበት «የክፍል ታሪክ» እና ልጁ ሥራዎቹን የሚያስቀምጥበት ፖርትፎሊዮ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን ቅደም ተከተል የማነሳው ለታሪክ ያህል አይደለም። ዛሬም በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ሁለት ባሕርያቸው የተለያየ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የትምህርት ቤቱን ሕይወት ለቤተሰብ የሚያሳውቅ፣ ሌላው የልጁን ጠባይ የሚመዘግብ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ጥቅም ይሸረሽርበታል ብዬ አምናለሁ።

አጀማመሩ አያስቸግርም። መምህሩ የግብዣ ኮድ ወይም ሊንክ ይልካል፣ ወላጁ አካውንት ይከፍታል፣ ከልጁ ስም ጋርም ይገናኛል። መሠረታዊው አገልግሎት ለመምህሩም ለቤተሰቡም ያለ ክፍያ የቀረበ ነው። ክላስዶጆ ፕላስ የተባለ የሚከፈልበት ደረጃም አለ፤ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣውን ወሬ ለመስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አያስፈልግም። ከአንድ ልጅ ጋር ከአንድ በላይ አዋቂ መገናኘት መቻሉን በተለይ አደንቃለሁ፤ አባትና እናት በተለያየ ቤት በሚኖሩበት ጊዜ ልጁ መልእክተኛ ከመሆን ይድናል፣ «ለእኔ ማን ነገረኝ?» የሚለው ቅሬታም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የክፍል ታሪክ የሚባለው ገጽ መምህሩ የዕለቱን ውሎ በፎቶግራፍ፣ በቪዲዮ ወይም በጽሑፍ የሚያካፍልበት፣ የክፍሉ ቤተሰቦች ብቻ የሚያዩት ቦታ ነው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም» ማለቱ ሐሰት ለመናገር ፈልጎ አይመስለኝም፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነበትና ሙሉ ቀኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል ስለማይችል ነው። ወላጁ መያዣ የሚሆነው አንድ ተጨባጭ ነገር ካገኘ ግን ወሬው ይከፈታል። ይህን መያዣ የሚሰጠው ደግሞ ከፎቶግራፉ ይልቅ ከፎቶግራፉ ሥር የምትጻፈው ዓረፍተ ነገር ናት።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። በእርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ ያበቀሉ ተማሪዎች ብርጭቆአቸውን ይዘው የተነሱት ፎቶግራፍ ሥር «በጣም ደስ የሚል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበረን» ተብሎ ቢጻፍ ወላጁ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ማታ ሊጠይቀው የሚችለው ነገር አላገኘም። በዚያው ፎቶግራፍ ሥር «ባቄላውን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ቡድኖች ቡቃያቸው መስኮት ላይ ከዋለው ይልቅ ረዝሟል፤ ነገር ግን ቀጥኗል፣ ገርጥቷልም፤ ለምን እንደሆነ ነገ እንነጋገራለን» ተብሎ ቢጻፍስ? ወላጁ አሁን ጥያቄ አለው። ልጁም ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ተንጠራርቶ አቅሙን በርዝመት እንደጨረሰ፣ ብርሃን ስላላገኘም አረንጓዴ እንዳልሆነ በራሱ አንደበት ለማስረዳት ዕድል ያገኛል፤ ባያውቀው እንኳን ይገምታል፣ በማግስቱም መልሱን ለመስማት ጓጉቶ ይሄዳል። መተግበሪያው በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ለውጡን ያመጣው መምህሩ ለመጻፍ የሰጣት ግማሽ ደቂቃ ናት። ስለዚህ ክላስዶጆን «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» የሚሉ ወላጆችን ስሰማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ መምህሩ አጻጻፍ እንደሆነ ይሰማኛል።

አጭር መልእክት ይህን ያህል ይረዳል ወይ ለሚል ሰው አንድ ጥናት መጥቀስ ይቻላል። ማቲው ክራፍት እና ቶድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ፣ ያልተሟላ ውጤታቸውን በክረምት ትምህርት ለማካካስ የተመዘገቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች ከመምህራን በሳምንት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲደርሳቸው ተደርጎ ነበር፤ ኮርሱን ሳያልፉ የቀሩት ተማሪዎች ድርሻ መልእክቱ ካልደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች ጋር ሲነጻጸር በ41 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ ጎልቶ የታየውም ልጁ የሠራውን ከሚያመሰግነው መልእክት ይልቅ ሊያሻሽለው የሚችለውን በሚናገረው ነው። ተማሪዎቹ ከአንደኛ ደረጃ ልጆች በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለትንንሾቹ መጠቀም ስሕተት ይሆናል። ለእኔ ቁም ነገሩ መልእክቱ ወላጅና ልጅ በቤት ውስጥ የሚነጋገሩበትን ጉዳይ መለወጡ ነው፤ ይህ ለ8 ዓመት ልጅም ይሠራል።

በግል መልእክት በኩል ክላስዶጆ ከዋትስአፕ ቡድን በግልጽ ይበልጣል። በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የእያንዳንዱ ወላጅ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ አስተዳዳሪው ካልዘጋው በስተቀርም አንዱ ስለ ጠፋ ሹራብ ሲጠይቅ 20 ሰው «የእኛ ቤት የለም» ብሎ ይመልሳል፣ ስለ ፈተና የተላከው ማስታወቂያም በዚያ ሥር ይቀበራል። በቴሌግራም ቻናል መምህሩ ብቻ ይናገራል፤ ጸጥታው ጥሩ ነው፣ ይሁን እንጂ በሚስጥር ሊነገር የሚገባውን የአንድ ልጅ ጉዳይ እዚያ ማንሳት አይቻልም። ክላስዶጆ ሁለቱን ለይቷል፤ ለክፍሉ የሚነገረው በክፍል ታሪክ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚነገረው በግል መልእክት ይሄዳል፣ መምህሩም የራሱን ስልክ ቁጥር ለማንም መስጠት አያስፈልገውም። መምህሩ ማሳወቂያ የማይደርሰውን ሰዓት ወስኖ ማስቀመጥ መቻሉም ተገቢ ነው፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ስለ ቤት ሥራ የሚጠይቅ ወላጅ ሁልጊዜም አይጠፋምና። (እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።)

የመልእክቶች በማሽን መተርጎም ለብቻው መነሳት ያለበት ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን ቋንቋ በደንብ ለማያውቅ ቤተሰብ ይህ አገልግሎት ከዝምታ ያወጣዋል፤ ለብዙ ስደተኛ ወላጅ ከልጁ መምህር ጋር ያለ አስተርጓሚ የተለዋወጠው የመጀመሪያ ቃል ሊሆን ይችላል። አማርኛ እ.ኤ.አ. በ2016 በጉግል ትርጉም ውስጥ ከገባ ወዲህም ለእኛ በሩ ሰፍቷል። ሆኖም የትኛውም መተግበሪያ ላይ ቢሆን በማሽን የተተረጎመ አማርኛ ሲደርሰን ሦስት ነገሮችን በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም ትልቅና ትንሽ አይለይምና «እርስዎ» መባል የሚገባቸው አያት «አንተ» ተብለው ሊደርሳቸው ይችላል፤ መምህሩ ግን ደፍሮ አይደለም። «ልጅ» የሚለውም በወንድ ይወጣና ሴት ልጅ ያላት እናት ስለ ማን እንደሚነገራት ግራ ይገባታል። ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው የእነርሱ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ አምጥቶ «3 ሰዓት» ካለ፣ ወላጁ ልጁን ለመውሰድ ጠዋት ይመጣል ወይም ነገሩን እንደማይገባ ቆጥሮ ይተወዋል። ለመምህራን የምሰጠው ምክር አጫጭር ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ፣ ከ«ልጅዎ» ይልቅ የልጁን ስም እንዲጠቅሱ፣ ሰዓቱንም ከቦታው ጋር አያይዘው፣ ለምሳሌ «ከምሳ በኋላ፣ ትምህርት ሲያበቃ» ብለው እንዲገልጹት ነው።

ስለ ነጥቡ ያለኝ አስተያየት ግን ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በአንዲት ትንሽ የካርቱን ፍጡር ይወከላል፤ መምህሩ ሌሎችን ለመርዳት፣ ለትጋት ወይም ለቡድን ሥራ ነጥብ ይጨምራል፣ ሲረብሽም ይቀንሳል፣ ዝርዝሩንም እንደፈለገ ሊለውጠው ይችላል። የመጨረሻው ጥሩ መስሎ ቢታይም ችግሩን ያባብሰዋል፤ በአንድ ክፍል 10 ነጥብ የሳምንት ትጋት ሲሆን በሌላው የአንድ ጠዋት ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ የሁለት መምህራን ነጥቦች እርስ በርስ አይመዘኑም። ወላጁ የሚያየው «አንድ ተቀንሷል» የሚለውን ነው፤ ከዚያ በፊት ማን ምን እንዳለው፣ ልጁ ምን እንደመለሰ፣ ነገሩ እንዴት እንደበረደ አያይም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ፍርዱ ከልጁ ቀድሞ ቤት መድረሱ ነው። ጥፋቱን ራሱ ለመናገር ቃል እየመረጠ የሚመጣ ልጅ በሩ ላይ አስቀድሞ የተኮሳተረ ፊት ካገኘው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቃል መምረጡን ይተዋል። የኮሙኒኬሽን ቡክ ማስታወሻ በልጁ ቦርሳ ተጭኖ ይመጣ ስለነበር ልጁ በመንገድ ላይ ለማሰብ ጊዜ ነበረው፤ ይህን ጥቅሙን ያወቅሁት ካጣሁት በኋላ ነው።

የነጥቡ መዝገብ የግላዊነት ጥያቄም አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕፃናት ጠባይ በአንድ የግል ኩባንያ ቋት ለምን ይከማቻል የሚል ትችት በአደባባይ ሲቀርብ፣ ኩባንያው የነጥብ መዝገብን ከአንድ ዓመት በላይ እንደማያቆይ አስታውቋል። እርምጃው ትክክል ነበር። የክፍል ታሪክ ፎቶግራፍ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንድ ወላጅ የስልኩን ገጽ ቀርጾ ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውረው ማንም ሊያግደው አይችልም። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቁን፣ ፈቃድ ያልተሰጠበት ልጅ ከፎቶግራፍ ሲወጣ እንዳይሸማቀቅ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። እጆችንና ሥራዎችን ብቻ ማንሳት ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ይመስለኛል፤ የባቄላውን ነገር ለመረዳት የማንንም ፊት ማየት አያስፈልግም ነበር።

ሲሶው የተባለው ተወዳዳሪ መተግበሪያ በዚህ በኩል የተሻለ አካሄድ አለው፤ መነሻው የተማሪው ሥራ ስለሆነ ወላጅ በዋናነት የሚያየው የራሱን ልጅ ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም በድምፅ የተቀረጸ ማብራሪያ ነው፣ የሚለጠፈውንም መምህሩ አይቶ ያጸድቃል። ጉድለቱ ደግሞ የክፍሉ የጋራ ውሎ ሳስቶ መታየቱ ነው፤ የራስን ልጅ ብቻ የሚያይ ወላጅ ልጁ ከማን ጋር እንደዋለ አያውቅም።

ክላስዶጆ ስማርት ስልክ ለሌለው ወይም ኔትወርክ ለማይደርሰው ቤተሰብ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ አንድ ቤተሰብ እንኳን ባለበት ክፍል ወረቀቱ መቅረት የለበትም። ለአስቸኳይ ነገርም አልመክረውም። በማሳወቂያ ብዛት ተሰላችቼ ሁሉንም ድምፅ ባጠፋሁበት ሳምንት የወላጆች ስብሰባ አመለጠኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ሆኖም መተግበሪያው ሁሉንም ወሬ በአንድ ዓይነት ደወል የሚያመጣ ከሆነ ብዙ ሰው እንደ እኔ ማድረጉ አይቀርም።

አሁን የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው፤ ድምፅ የተውኩት ለግል መልእክት ብቻ ነው፣ ነጥቡን አልከፍትም፣ የክፍል ታሪኩንም በቀን ውስጥ አላየውም። ማታ ስልኩን ለልጄ እሰጣታለሁ፤ ፎቶግራፉን እርሷ ትከፍታለች፣ ከሥሩ የተጻፈውን እርሷ ታነባለች፣ መምህርቷ የዘለለችውንም እርሷ ትጨምርበታለች።