አስራ አንድ ወር ከኪስ ኮምፒውተር ጋር፦ ላፕቶፔን ይተካልኛል?

ስራዬ ኔትወርክ ነው። ከቢሮ ቢሮ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞርኩ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስና ከሌላ መረብ ጋር የሚያገናኙትን ስዊችና ራውተር እተክላለሁ፤ የተበላሸውን አስተካክላለሁ። ብዙውን ሰዓት የምሰራው ቆሜ ነው። መሰላል ላይ፣ ዕቃዎቹ በሚደረደሩበት ራክ ፊት፣ አንዳንዴም አሮጌ ፋይልና የተሰበረ ወንበር በታጨቀበት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ለአምስት ዓመት ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ከአስራ አንድ ወር በፊት ደግሞ ጂፒዲ ማይክሮፒሲ የሚባለውን ባለ 6 ኢንች ኮምፒውተር ገዛሁ። ያመጣችልኝ ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ ያየው ባለሙያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ላፕቶፑን ትቼ ይሄን ልግዛ እንዴ?» መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ዕቃው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ክብደቱ 440 ግራም። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ 2 ሴንቲ ተኩል አይሞላም። ሲታጠፍ ወፈር ያለ የጸሎት መጽሐፍ ያክላል። ሱሪ ኪስ ውስጥ አይገባም። የስራ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ግን ልክክ ይላል። ውስጡ ኢንቴል ሴሌሮን ኤን4100 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ራም አለ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነው የመጣልኝ። ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ላፕቶፔ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች እሱም ላይ ይከፈታሉ።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት አለው። ያ አሮጌው አርኤስ-232 ማለት ነው። ዛሬ የሚሸጥ ተራ ላፕቶፕ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ለሙያው ሩቅ ለሆነ ሰው ላስረዳ። አዲስ ስዊች ከካርቶኑ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ የሚጠራበት ቁጥር፣ አልተሰጠውም። በኔትወርክ ልታናግሩት አትችሉም። መግቢያው ኮንሶል የሚባለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ያንን ውሃ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል ትሰካላችሁ፣ ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፣ ፍጥነቱን 9600 ላይ ታደርጋላችሁ፣ ኢንተር ትጫናላችሁ። ስዊቹ ስሙን ይዞ ብቅ ይላል። የተበላሸ ስዊችም እንደዚሁ ነው። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ኮንሶሉ አይዘጋም።

የኬብሉ አንድ ጫፍ 9 ፒን ነው። ላፕቶፔ ያንን የሚቀበልበት ቀዳዳ ስለሌለው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልገኛል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ገበያው ላይ ካሉት አዳፕተሮች ብዙዎቹ ቺፓቸው ተመሳስሎ የተሰራ ነው። ዛሬ ይሰራል፣ ነገ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ አላውቅህም ይለዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ የደረሰብኝ ይሄው ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት ተነስቼ ሄድኩ። ቅርንጫፉ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ስዊቹን ቀይሬ መጨረስ ነበረብኝ። አዳፕተሩን ሰካሁ፤ ዊንዶውስ አላወቀውም። ቢጫ ምልክት። ነቀልኩ፣ በሌላ ቀዳዳ ሰካሁ። አሁንም ቢጫ ምልክት። ድራይቨር፣ ማለትም አዳፕተሩን ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም፣ እንዳላወርድ መስመሩ የተቋረጠው እኔው በነቀልኩት ስዊች ምክንያት ነው። በስልኬ ዳታ አውርጄ፣ አሮጌውን ድራይቨር ፈልጌ፣ መልሼ ጭኜ እስክጨርስ ሁለት ሰዓት ሄደ። ውጭ ደንበኛ ተሰልፏል። የከተማው ብርድ ጣቴን አደንዝዞታል። ያን ቀን ነው ይሄ ነገር መፍትሄ ይፈልጋል ያልኩት።

ማይክሮፒሲውን ከያዝኩ ወዲህ ያንን ቢጫ ምልክት አላየሁም። ኬብሉ ከፖርቱ ጋር በቀጥታ ይገጥማል፣ አለቀ። ጎኑ ላይ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያም አለው፤ ስለዚህ ፒንግ ለማድረግ፣ ማለትም መስመሩ መድረሱን ለመሞከር፣ እና ፋይል ለመላክ ሌላ ቅጥያ አልፈልግም። ከቦርሳዬ ውስጥ ሁለት አዳፕተር፣ አንድ ትልቅ ቻርጀርና ላፕቶፑ ራሱ ወጡ ማለት ነው። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ጋር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። እሱ የኬብል ጫፍ በሚያስረው ክሪምፐር፣ ኬብል በሚፈትሸው ቴስተርና በኬብል ላይ ሲደመር ትከሻ እንዴት እንደሚጎትት የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ማታ የሚያመኝ ግራ ትከሻዬ አሁን ቀሎታል። እኔ ይሄን ከፍጥነቱም ከፖርቱም አላሳንሰውም።

አያያዙን ላሳያችሁ። ስልክ ላይ ሁለት አውራ ጣታችሁን ተጠቅማችሁ እንደምትጽፉት ነው። የማውሱ መንኪያ ከቁልፎቹ በላይ በቀኝ በኩል ነው፣ ግራና ቀኝ መጫኛዎቹ ደግሞ በግራ። ቀኝ አውራ ጣት ይመራል፣ ግራው ይጫናል። ጠረጴዛ አያስፈልግም። ጥጉ ላይ ክር ማስገቢያ አለው፤ እኔ ከመታወቂያ ማንጠልጠያ ላይ የወሰድኩትን ገመድ አስሬበታለሁ። ጣሪያ ስር የተሰቀለ ካቢኔት ላይ ስሰራ አንገቴ ላይ አንጠለጥለውና ሁለት እጄ ነጻ ይሆናል። ኬብል እቀይራለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ፣ ትዕዛዝ እጽፋለሁ። ድሮ ላፕቶፑን የመሰላሉ ጫፍ ላይ በአንድ እጄ ደግፌ፣ በአንድ እጄ ነበር የምጽፈው። ወይ ደግሞ ከታች ላፕቶፑን የያዘ ሰው አቁሜ ትዕዛዝ እያስጻፍኩ፣ «ሾው ቪላን በልልኝ፣ ምን አለ?» እያልኩ። አሁን ከመሰላሉ ሳልወርድ ራሴ አየዋለሁ።

ቁልፎቹን ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንድ ምልክቶችም ከለመድኩት ቦታ ውጭ ናቸው። የኛ ስራ ታብና ጥያቄ ምልክት ይወዳል። ሁለቱን ጣቴ ሳያይ እስኪያገኛቸው ድረስ ተናድጄበታለሁ። አሁን አልናደድም። ግን አስር ጣት ዘርግቶ መጻፍ የሚባል ነገር የለም። ያንን ተስፋ አድርጎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

«ስልክ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ሞክሬዋለሁ። የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው ኦቲጂ ኬብል ስልክ ላይ ኮንሶል መክፈት ይቻላል። አንድ ሁለት ትዕዛዝ ለመስጠት ይሆናል። ኪቦርዱ ግማሽ ስክሪኑን ሸፍኖ ሃምሳ መስመር ኮንፊግ፣ ማለትም የስዊቹን ቅንብር፣ ለማንበብ ግን ስቃይ ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። ማይክሮፒሲው ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ ሲ ነው። ፒዲ የሚባለው ፈጣን ቻርጅ ያለበት ፓወር ባንክ ይበቃዋል። በኮንሶል ስራ እኔ ጋ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ፓወር ባንኩ ሲጨመርበት ሙሉ ቀን ይወጣዋል። መብራት ጠፍቶ የቅርንጫፉ ዩፒኤስ ጲጵ ጲጵ ማለት ሲጀምር እኔ ሶኬት ፍለጋ አልሮጥም። በዚህ በኩል ቲንክፓዱንም መውቀስ አልፈልግም። ቲ480 ሁለት ባትሪ ነው ያለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። ሳታጠፉት የኋላውን በሌላ መቀየር ትችላላችሁ። እንዲህ አድርጎ የተሰራ ላፕቶፕ አሁን አሁን ብርቅ ሆኗል።

አንድ ያልጠበቅኩት ጉዳይ የበር ፍተሻ ነበር። ብዙ መስሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ ሰው ይመዘገባል፤ ዓይነቱና ሲሪያል ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል። አንድ ቦታ ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ማይክሮፒሲውን እጃቸው ላይ አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው? ካሜራ ነው?»

«አይደለም ጋሼ፣ ኮምፒውተር ነው። ካሜራ የለውም።» የእውነትም የለውም። ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ላፕቶፕ ይበሉት ጋሼ።»

ከስሩ ያለው ቁጥር ደቃቅ ስለሆነ እኔ እያነበብኩ እሳቸው ጻፉ። ስወጣ ግን ተረኛው ተቀይሯል። አዲሱ ልጅ ደብተሩን አየ፣ ቦርሳዬን አየ፣ «ላፕቶፑ የታለ?» አለ። ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ የእጅ ኮምፒውተር» ብለው እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ፤ መጠኑንም አስጨምራለሁ። የሚገዛ ሰው ካለ ይሄን ከወዲሁ ይያዝልኝ።

አሁን ወደማይችለው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይገባል።

ስክሪኑ 6 ኢንች ነው፣ 1280 በ720። ለእንግሊዝኛ ፊደል፣ በተለይ ለኮንሶል ጥቁር መስኮት፣ በቂ ነው። ለፊደላችን ግን አይደለም። የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው ትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። ኩ እና ኪን የሚለያቸው መስመሯ የት እንደተቀጠለች ነው። ሩ እና ሪም እንደዚሁ። በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ ሲደቅ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ውስጥ ቆሜ ለደንበኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሰነዱን ይላኩልን» ማለት ነበረብኝ። «ይላኪልን» ብዬ ልኬዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ሁለቴ አንብቤው አላየሁትም። ቤት ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው ነው ያፈጠጠብኝ። የተላከላቸው ሴት የማከብራቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ዊንዶውሱን ወደ 150 ፐርሰንት ማሳደግ ይቻላል። ያኔ ፊደሉ ይነበባል፣ ገጹ ግን ይጠባል። አምስት መስመር አንብባችሁ ወደ ታች፣ አምስት መስመር አንብባችሁ ወደ ታች ነው። ስለዚህ አማርኛ ሪፖርት እሱ ላይ አልጽፍም። ቆርጬ ትቻለሁ።

ኤክሴልም ላይ እንደዛው ነው። የሁለት መቶ ፖርት ዝርዝር ያለበት ሠንጠረዥ ከፍቶ መስራት ዓይን ያደክማል። ለልምምድ ሲባል ኮምፒውተሩ ውስጥ በፕሮግራም የሚፈጠሩ ምናባዊ ራውተሮችን ማስነሳትም ለዚህ ፕሮሰሰር ይከብደዋል። 16 ጊጋ ራም ያለው ቲንክፓዴ አምስት ስድስቱን ያለ ችግር ይሸከማል። ማታ ለሰርተፊኬት የምታጠኑ ከሆነ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። ኤችዲኤምአይ ስላለው ከሞኒተር ጋር አገናኝቼ፣ ኪቦርድና ማውስ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ። ይሰራል። ግን ያንን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ከደረደርኩ ላፕቶፑን ብከፍት አይሻልም ወይ?

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ለምትወዱ አንድ ቃል። የስክሪኑ ፓኔል በተፈጥሮው ቁመታም ነው፤ ወደ ጎን ዞሮ ነው የተገጠመው። ተራውን ሊኑክስ ስትጭኑ ጽሑፉ ተኝቶ ይመጣል፣ እናንተም አንገታችሁን ታዘነብላላችሁ። ለዚህ ዕቃ ተብሎ የተዘጋጀ ኡቡንቱ ማቴ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ቅጂ ወጥቶ ነበር፤ ያንን ስጭን ተስተካከለልኝ።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ኤችፒ 200ኤልኤክስ የሚባል የእጅ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ነበር። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ዶስ ነበር የሚሰራበት፣ በሁለት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይነሳል፣ ሲሪያል ፖርትም ነበረው። ከሠላሳ ዓመት በፊትም ቆሞ የሚሰራ ባለሙያ የፈለገው ይሄንኑ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

ጥገናው ያሳስበኛል። የቲንክፓድ ኪቦርድ ወይም ባትሪ ቢበላሽ መገናኛ አካባቢ ወርጄ ባንድ ከሰዓት አስቀይሬ እመለሳለሁ። ለማይክሮፒሲው መለዋወጫ እዚህ አገር አላገኘሁም። አንድ ቁልፍ ቢነቀል እንኳ ከውጭ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ስለዚህ የኮንፊግ ባክአፖቼን እሱ ላይ ብቻ አላስቀምጥም። ማታ ማታ ወደ ላፕቶፑ እገለብጣለሁ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ስታነቡት ልክ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የቱን ይግዛ? ላፕቶፕ። ሳላመነታ ነው የምለው። አዲስ ተመራቂ ሆናችሁ የመጀመሪያችሁን ገንዘብ ካጠራቀማችሁ ያገለገለ ጥሩ ላፕቶፕ ግዙ። ታጠኑበታላችሁ፣ ሪፖርት ትጽፉበታላችሁ፣ ቢበላሽ ትጠግኑታላችሁ። ቺፑ ትክክለኛ የሆነ አዳፕተር አብራችሁ ግዙ፤ ርካሹን አትዩት። የኪስ ኮምፒውተር ሁለተኛ ሆኖ ነው የሚያምርበት። እኔ ቤት እሱ የሚቀመጠው ከክሪምፐሩና ከቴስተሩ ጋር መሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ።

አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ባለፈው ወር ምክሬን ሰምቶ ያገለገለ ቲ480 ገዛ። መሰላል ላይ ሲወጣ የኔን አውሰዋለሁ። እሱም ሁለተኛውን ለመግዛት እቁብ ገብቷል።

የሚቀጥለው ሳምንት ስራችን ሐዋሳ ነው፣ ሦስት ቀን። ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ላፕቶፑ ግን ቀን ቀን ሆቴል ይቀራል።