የጠፈር ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ፦ ሲዲ፣ ሸክላ ወይስ ፋይል?

በአይማክስ ግዙፍ ስክሪን ለሚታዩ የጠፈር ዘጋቢ ፊልሞች የተደረሰውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በምን ልግዛው? መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ያገለገለ ኦሪጅናል ሲዲ። እሱ ከጠፋ ጥራቱ ያልተቀነሰ ፋይል። ሸክላ ለዚህ ሙዚቃ ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ ዋጋ። የአይማክስ ፊልም ማሽኑ ላይ በደቂቃ 103 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 40 ደቂቃ ማለት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ጥቅል ነው። በዚህም የተነሳ የዚህ ዓይነት ፊልሞች አብዛኞቹ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ነው የሚረዝሙት፤ ሙዚቃቸውም አጭር ነው። ሲዲ ግን እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል። ስለዚህ የምታወዳድሩት የሲዲውን ዋጋ ሳይሆን የደቂቃውን ዋጋ ይሁን። 36 ደቂቃ የያዘ ሲዲና የሁለት ፊልም ሙዚቃ አጣምሮ 72 ደቂቃ የያዘ ሲዲ እኩል ዋጋ ከተጠራባቸው፣ የመጀመሪያው በእጥፍ ተወዷል። የመላኪያውንም ሂሳብ ደምሩበት፤ ርካሽ ሲዲ ላይ መላኪያው ከሲዲው ሊበልጥ ይችላል። «ከገበያ የጠፋ ነው» እያለ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ሲገጥማችሁ ዲስኮግስ የሚባለው የሙዚቃ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ግቡ፤ ያው ሲዲ ከዚህ በፊት የተሸጠበት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ እዚያ ተጽፏል። ከመካከለኛው በላይ አትክፈሉ።

ሸክላ ለምን እንደማይሆን ለመረዳት ሙዚቃውን ማሰብ ይበቃል። ጠፈርተኛው ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሲንሳፈፍ ቫዮሊኖቹ እንደ ትንፋሽ ስስ ብለው ይቆያሉ፤ የሸክላው መንጫጫት የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ሮኬቱ ሲወነጨፍ ደግሞ የነሐስ መሣሪያዎቹና ከበሮው ባንዴ ይፈነዳሉ። በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ለማስገባት ሸክላውን የሚቀርጸው ባለሙያ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ከሁሉ የከፋው ግን መጨረሻው ነው፦ ትልቁ የመዝጊያ ክፍል የሚወድቀው ወደ መሃል በተጠጋው ክር ላይ ሲሆን፣ መርፌው በጣም የሚያዛባውም እዚያው ነው።

«ፊልሙ በብሉሬይ አለኝ፣ ሙዚቃውም አለኝ» ማለትም አያዋጣም። ተራኪው በተናገረ ቁጥር ሙዚቃው ዝቅ ይደረጋል፤ የተራኪውን ድምፅ አጥፍታችሁ ሙዚቃውን ብቻ ማስቀረት አትችሉም።

ሲዲ ስትገዙ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአይማክሱን ብሉ ፕላኔት ስትፈልጉ፣ ጆርጅ ፌንተን በ2001 ለቢቢሲ የባሕር ተከታታይ ፊልም የደረሰው ሙዚቃ ከፊታችሁ ይደቀናል። የአይማክሱ ደራሲዎች ሚኪ ኤርቤና ማሪቤት ሰለሞን ናቸው፤ የ2010ሩን ሃብል የተባለ የአይማክስ ፊልም ያጀቡትም እነሱው ናቸው። የደራሲው ስም ትክክል ሆኖ የተጫዋቹ ስም ሌላ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ በኮምፒውተር ኦርኬስትራ እንደገና የተሠራ ሊሆን ይችላል። ፊሊፕ ግላስ በ2006 ሮቪንግ ማርስ ለተባለው የአይማክስ ፊልም እንደጻፈው ባለ በድግግሞሽ ላይ በቆመ ሙዚቃ ይህ ቶሎ ይጋለጣል፦ ሰው ሲጫወት አንዱ ምት ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ያንኑ ቅጂ እየደጋገመ ይረግጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ፎርጅድ ነው። ሻጩን የታችኛውን ገጽ ብርሃን ላይ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብርማ ነው፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ካደላ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ቀለሙም ከዓመታት በኋላ ይበላሻል። ጭረቱንም ለዩ። ከታች ያለው ፕላስቲክ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ቀላል ጭረት በማለስለሻ ይጠፋል። ሥዕሉ ባለበት በኩል ያለ ጭረት ግን አይድንም፤ ሙዚቃውን የያዘው ስስ ንጣፍ ከቀለሙ ሥር ነው ያለው። ወደ መብራት አቅንታችሁ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ብርሃን ካያችሁ መልሱት። ስትወለውሉም ከመሃል ወደ ጠርዝ እንጂ ዙሪያውን አይሁን፤ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ማጫወቻው የሚያነበውን መስመር ተከትሎ ያጠፋዋል።

ፋይል ከሆነ የሲዲው ጥራት፣ ማለትም 16 ቢት በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ይበቃል። 24 ቢት ተብሎ በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጠውን ስፔክ በሚባለውና የድምፁን ከፍታ በሥዕል በሚያሳየው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። ባለ 96 ኪሎ ሄርዙ ፋይል 22 ኪሎ ሄርዝ ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የሲዲውን ቅጂ አሳድገው ነው የሸጡላችሁ። 16 ኪሎ ሄርዝ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ከተጨመቀ ኤምፒ3 የመጣ ነው፤ ገንዘባችሁን አስመልሱ።

በስትሪሚንግ ማዳመጥ ከመግዛት በፊት ለመቅመስ ጥሩ ነው። ውሉ ሲያልቅ አልበሙ ስለሚነሳ ግን አትመኩበት።

ሲዲው እንደደረሰ ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በሚባለው ፕሮግራም ጥራቱን ወደማይቀንሰው የፍላክ ፋይል ገልብጡት፤ አኪዩሬትሪፕንም አብሩት። ሌሎች ሰዎች ከዚያው ሲዲ ካወጡት ጋር ያነጻጽርላችኋል። ሁሉም ትራክ ከገጠመ ሲዲው ጤነኛ ነው። አንድ ሁለቱ ብቻ ካልገጠሙ ወልውላችሁ ድገሙት። አልበሙ በደንብ እየታወቀ አንዱም ካልገጠመ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ለሻጩ ጻፉለት።