ባሕር ዳር ከእናቴና ከልጆቼ ጋር፦ ዓርብን ለዓሣ አትመድቡት

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት ሲዘጋ፣ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳር ሦስት ቀን ቆየሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ትንሹ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አስራ አንድ። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔው ነው።

ሐሙስ ጢስ ዓባይ ሄድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ልጆቹ ወደዱት። ፏፏቴው ግን ቀጥኗል። በጋ ነው፣ ውሃው ደግሞ ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ይጠለፋል። ትንሹ «ጢሱ የታለ?» አለኝ። ምን ልበለው? ለፏፏቴው ብላችሁ ከሆነ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሂዱ።

ዓርብ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልጋብዝ ብዬ አንድ ያማረ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ለካ ቀኑን አላሰብኩበትም። እናቴ በጾም ዓሣ አትነካም። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ገና አላለቀም።) እሷ ሽሮ አዘዘች። ሽሮው ቶሎ መጣ፤ የኛ ዓሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ደርቆ እንደ ቋንጣ። ስሙን አልጠራም። እይታው ግን አይነቀፍም።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት በሞተር ጀልባ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ዘጌ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ቁረጡ። ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ ለጀልባው በሙሉ፣ እሱንም ጠይቁ። ለልጅ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩንም እዩ፤ እኛ ጠይቀን ነው ያመጡልን። ጀልባ ነጂው «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብሎ እናቴን እንደ እንቁላል አወረዳት።

የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማያስገባ ዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መረጥን። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ዳገት አለው። እናቴ አራት ጊዜ አረፈች፤ ባረፈች ቁጥር ስለ አቡነ በትረ ማርያም ታወራለች። የዘጌ ቡና ከእሳቸው በትር በቀለ ይባላል። ውስጥ ገብተን ጫማችንን እንዳወለቅን ትንሹ በላዔ ሰብእ ሥዕል ሥር ተተከለ። 78 ሰው በልቶ፣ ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት ማግኘቱን አያቱ ነገረችው። ስንወርድ ከፕላስቲኩ ውሃ በእፍኙ ቀድቶ «እንኪ አያቴ» አላት። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ከሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ቤት ገባን። ስሟን ማየት ረሳሁ። ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ነው ያዘዝነው። ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ቆዳው ተንጨርጭሮ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር መጣ። እናቴ ሥጋውን ከአጥንቱ በጣቷ እየለየች ለልጆቹ አጎረሰች፤ ለራሷ ጭንቅላቱን አስቀረች። «ትናንት እዚህ ነበር መምጣት» አለችኝ። ትናንት ዓርብ መሆኑን አላስታወስኳትም።

ዘጌ ላይ ከልጆች የገዛናት ትንሽ የደንገል ታንኳ አሁን ልብስ ማጠቢያ ሳፋችን ውስጥ ናት። ትንሹ አንድ ፍሬ ቡና ጭኖባታል። እስካሁን አልሰጠመችም።