ቱሉ ዲምቱ ያለው ወፍጮ ቤት፦ ጥቅሱም ሚዛኑም

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ስም የለውም። የቆርቆሮ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ወፍጮ ቤት» ተብሎ ተጽፏል፣ አለቀ። እዚያ ማስፈጨት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጎረቤቶቼ በየጊዜው «የት ነው የምታስፈጪው?» ስለሚሉኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ ወደዚያ ያሰደደኝን ላውራ። ድሮ የማስፈጭበት ቤት ግድግዳው ጥቅስ በጥቅስ ነበር። ፊት ለፊት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከበሩ በላይ ሌላ። 25 ኪሎ ሠርገኛ ጤፍ ይዤ ሄጄ ቤት ስመዝነው 22 ኪሎ ዱቄት ሆነ። ወፍጮ ትንሽ እንደሚበላ ይገባኛል፤ ቦኖ የሚጠፋም፣ ድንጋዩ ሥር የሚቀርም አለ። 3 ኪሎ ግን አይቦንም። ተመልሼ ስጠይቅ «ጤፍሽ እርጥብ ነበር» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ጥቅስ የበዛበት ሱቅ ስገባ ቦርሳዬን ጠበቅ ነው የማደርገው፣ እውነቴን ነው።

ስለዚህ እዚህኛው ቤት የሄድኩ ቀን ሚዛኑ ላይ የተለጠፈውን ሳይ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል፣ ምሳሌ 11፥1። ወረቀቱ የተለጠፈው የት መሰላችሁ? ቁጥሩ ለደንበኛ በሚታይበት መስታወት ላይ! ጥቅሱን አነባለሁ፣ ኪሎውን ግን ማየት አልችልም። «ጋሼ፣ ይሄ ጥቅስ እኮ ሚዛኑን ሸፈነው» አልኳቸው ባለቤቱን። ዞረው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩት። ሽፋሽፍታቸው ሁሉ ዱቄት ለብሷል። ከዚያ ሳቁ። «ወይ ጉድ! እኔ በወዲያ በኩል ስለሚታየኝ ልብ አላልኩትም የኔ ልጅ» አሉና በጥፍራቸው ላጡት፣ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። የማጣበቂያው ምልክት እስካሁን መስታወቱ ላይ አለ። ቁጥሩ ግን ይነበባል።

(አንድ ቀን ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆመ ልጅ ጥቅሱን አንብቦ እናቱን «የአባይ ሚዛን ምንድነው? የግድቡ ነው?» ብሎ ጠየቃት። አባይ ማለት ውሸታም ማለት እንደሆነ፣ አባይ ጠንቋይ እንደምንለው፣ ያስረዱት ጋሼ ናቸው። ወረፋው ሳቅ በሳቅ ሆነ።)

አሠራራቸው እንዲህ ነው። እህሉን አንቺው ፊት ይመዝኑና ኪሎውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡሻል። ሲፈጭም እንደገና ይመዘናል። ባለፈው 25 አስገብቼ 24 ከ600 ግራም ወጣልኝ። ጎደል ካለ የወፍጮውን አፍ በዱላ መታ መታ አድርገው የቀረውን ያራግፉታል። በርበሬና ሽሮ የየራሳቸው ወፍጮ አላቸው። የወፍጮው ድንጋይ እንዲሳል የተወቀረ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የራሳቸውን ፉርሽካ ነው የሚያስገቡት፣ አሸዋው በሰው ዱቄት እንዳይወጣ። ይሄን ማንም አያይላቸውም፤ እኔም ያወቅኩት በጠዋት ሄጄ ስለደረስኩበት ነው።

ግን ሰዉን ያስለመዳቸው የመያዣው ነገር ይመስለኛል። ሌላ ቦታ ብር ከጎደለሽ ዱቄትሽ ተይዞ ይቀራል። እዚህ አይያዝም። አንዲት እናት ሒሳብ ጎድሏት ስትጨነቅ «ይዘሽ ሂጂ፣ ደብተር ላይ አለሽ» አሏት። በኋላ ምነው ብዬ ስጠይቃቸው ዘዳግም 24፥6ን ጠቀሱልኝ። ወፍጮውንም መጁንም (የላይኛውን መፍጫ ድንጋይ) በመያዣ አትውሰድ የሚለውን። ያኔ ወፍጮው የየቤቱ የእጅ ወፍጮ ነበር፣ እሱን ከወሰድክበት ቤተሰቡ የዚያን ቀን እንጀራ አይበላም። «ዛሬ መጅ ያለው ማን አለ? ስለዚህ ለእኔ ትእዛዙ ያረፈው ዱቄቱ ላይ ነው» አሉኝ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ የዚህን ያህል ኑሮዬ ውስጥ የገባ ግን ትዝ አይለኝም። «የማይከፍል የለም?» አልኳቸው። «ሞልቷል! ግን ጤፉ ሲያልቅበት ተመልሶ ይመጣል፣ የት ይሄዳል?»

እዚያው ምዕራፍ ላይ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው የሚል አለ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች ማታ አሥራ ሁለት ሳይሞላ በቴሌብር ሲከፈላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። መብራት ጠፍቶ የዋለ ቀን ግን ግማሽ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ ነገር ጋሼን ስጠይቃቸው «ዘዳግም ስለ መብራት ኃይል አያወራም» ብለው ቀለዱብኝ። እኔን አላሳቀኝም፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። መዝሙሩ! ወፍጮው ራሱ ጆሮ ይበጥሳል፣ እሳቸው ደግሞ ከሱ በላይ እንዲሰማ ስፒከሩን ይለቁታል። «ሁለት ኪሎ ምስር» ለማለት መጮህ አለብሽ። ቁጥር የሚሰጥ ስለሌለ ወረፋውም ዝርክርክ ነው። ዋጋቸው ዋናው መንገድ ላይ ካሉት በኪሎ ሁለት ብር ይበልጣል፣ እሱ እንኳን በሚዛኑ ይካካሳል።

ጤፍም ይሸጣሉ፤ አትግዙ። ሚዛን ላይ የሚጠነቀቁትን ያህል ማበጠር ላይ አይጠነቀቁም፣ አፈር አለው። አሞጽ 8 ላይ ሚዛን የሚያጭበረብሩት ሰዎች የስንዴውንም ግርድ እንሽጥ ሲሉ እንደተወቀሱ አስታወስኳቸው። ዝም ብለው አሰቡና «አንቺ ልጅ፣ ልክ ነሽ» አሉ። ይኸው ሁለት ወር ሆነ፣ ጤፉ እንደነበረ ነው።

ለማስፈጨት ግን ያለ ሐሳብ ሂዱ። እሑድ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ማዳበሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱ ጋ የለም። ጥቁር ልብስ ደግሞ አትልበሱ።