ሴንሰር ያለው የመታጠቢያ ቤት ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዳችሁን አስቆጥሩ

«የድሮውን ፋን አውርዶ በነበረው ገመድ ላይ ማሰር ብቻ ነው።» የእርጥበት ሴንሰር ያለው የአየር ማስወጫ ፋን የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከኪስ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጽሁፍ አንብቡ። እኔም ጎረቤቴም ከተለያዩ ሻጮች ይህንኑ ቃል ሰምተን ገዛን። የሁለታችንም ሴንሰር አንድም ቀን አልሠራም። የሚያናድደው ደግሞ ፋኖቹ ብልሽት አልነበረባቸውም። የተዋሸነው ስለ ገመዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የመታጠቢያ ቤት ፋን የሚፈልገው ሁለት ገመድ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ እና የሚመልሰው ኒውትራል። ፌዙ አብዛኛውን ጊዜ ከመብራቱ ማብሪያ ይመጣል። መብራት ስታበሩ ፋኑ ይነሳል፣ ስታጠፉ ይቆማል። ሴንሰር ያለው ግን ሁልጊዜ ነቅቶ አየሩን መለካት አለበት። መብራቱ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ማብሪያው የማያቋርጠው ፌዝ ያስፈልገዋል። መብራቱ ሲበራም እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ደግሞ በማብሪያው በኩል የሚያልፍ ሌላ ፌዝ ይጨመራል። ከኒውትራሉ ጋር ሦስት ገመድ ሆነ። ክዳኑን ብትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያዎቹ ላይ ኤል፣ ኤን እና ኤል ኤስ የሚሉ ፊደሎች ታገኛላችሁ። ኤል የማይቋረጠው ፌዝ፣ ኤን ኒውትራሉ፣ ኤል ኤስ ከማብሪያው የሚመጣው ነው። አንዳንድ አምራቾች የመጨረሻውን በቲ ፊደል ይጽፉታል።

የድሮ ፋን በነበረበት ብዙ ቤት ውስጥ ያ የማይቋረጥ ፌዝ እዚያ ቦታ ላይ የለም። ታዲያ ገጣሚው ምን ያደርጋል? አጭር ገመድ ቆርጦ ኤልን ከኤል ኤስ ጋር ያገናኛቸዋል። መብራቱን ሲያበራ ፋኑ ይዞራል። «ይኸው ሠራ» ይላችኋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሻወር ወስዳችሁ መብራቱን ስታጠፉ፣ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኖ እያለ ፋኑ ቀጥ ይላል። ሴንሰሩም፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ፋኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያዞረው ታይመርም አብረው ሞተዋል። ተጨማሪ የከፈላችሁበት ነገር በሙሉ የለም፤ በእጃችሁ ያለው ተራ ፋን ነው። ሻጋታው ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ስለዚህ ገጣሚው ሳይሄድ ይህን አድርጉ። የሙቅ ውሃውን ክፈቱና ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላ። ከዚያ መብራቱን አጥፉ። ፋኑ መሥራቱን ከቀጠለ ጥሩ ነው። ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ታይመሩ ብቻውን ለጥቂት ደቂቃ ሊያዞረው ይችላል። የተሞላው የታይመር ጊዜ እስኪያልፍ ጠብቁ። እንፋሎቱ ሳይለቅ ከቆመ ሴንሰሩ አይሠራም፣ ወይም ፋኑ እንዲነሳበት የተሞላው የእርጥበት ልክ በጣም ከፍ ብሏል።

እኔ ቅሬታዬን ይዤ ስመለስ ሻጩ መጀመሪያ «ማስተካከያውን ነካካው» አለኝ። ቀጥሎ «ገመድ ከታሰረበት አንመልስም» አለ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ። እናንተም ይህ ቢገጥማችሁ ጥፋቱ የገመዱ ይሁን የዕቃው ለይታችሁ መሄድ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ሻጩ በገጣሚው፣ ገጣሚው በሻጩ እያሳበበ ያመላልሳችኋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ መብራቱን አጥፍቶ በኤል እና በኤን መካከል ይለካ። ሙሉ ቮልቴጅ ከሌለ ችግሩ የገመዱ ነው። ሙሉ ቮልቴጅ ካለ የእርጥበት ማስተካከያው ወደ ዝቅተኛው ልክ ይዙር፤ ፋኑ መነሳት አለበት። ወደ ከፍተኛው ሲዞር ደግሞ የታይመሩ ጊዜ ሲያልቅ መቆም አለበት። በሁለቱም በኩል ምንም ለውጥ ካላሳየ ዕቃው ብልሹ ሳይሆን አይቀርም። ውጤቱን በቪዲዮ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እንዲህ ዓይነት ፋን ውስጥ የመብራቱ ማብሪያ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለ። ሥራው ያ ነውና። ማስተካከያዎቹ ብዙ ጊዜ ከክዳኑ ሥር፣ ከማሰሪያዎቹ አጠገብ ናቸው። ካቻቢቴ ይዛችሁ «መብራቱ ጠፍቷል» ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ብሬከሩ ይውረድ፣ ከዚያ ኤልም ኤል ኤስም በቴስተር ይታዩ። ሁለቱ ፌዞች ከተለያየ ብሬከር የመጡ ከሆነ አንዱን ማውረድ ብቻውን አያድናችሁም። ጥሩ ገጣሚ ሦስቱንም ገመድ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ያስቀምጣል። ይህን «አያስፈልግም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ ፋኑ ሌት ተቀን አይቆምም። ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩ የሚለካው አንጻራዊ እርጥበት ነው፤ አየሩ ሊይዘው ከሚችለው እንፋሎት ስንት ፐርሰንቱን እንደያዘ ማለት ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እንፋሎት ጥቂት ስለሆነ ያው የውሃ መጠን ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ከፍ ባለ ፐርሰንት ይታያል። ልኩ 60 ላይ ከተሞላና በዝናብ ወቅት የክፍሉ አየር ያለ ሻወርም 65 ከሆነ ፋኑ የሚቆምበት ምክንያት የለውም። ልኩን በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጉ። ለብዙ ቤት ከ65 እስከ 75 ባለው መካከል የሚስማማ ቦታ ይገኛል። ልኩ ከፍተኛው ላይ ደርሶም ካልቆመ ባለሙያው የኤል ኤስን ገመድ ፈትቶ ይሞክር። ያን ጊዜ ከቆመ ጥፋቱ ከማብሪያው በኩል ነው። ትንሽ ጠቋሚ መብራት ያለው ማብሪያ የሚያሳልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ አንዳንዱን ፋን «መብራት በርቷል» ብሎ ያሳስተዋል።

ሌላው ማጭበርበሪያ ታይመር ብቻ ያለውን ፋን «ሴንሰር አለው» ብሎ መሸጥ ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ። በተለመዱት ሞዴሎች ውስጥ ሁለት ማስተካከያ አለ፤ አንዱ ለደቂቃ፣ አንዱ ለእርጥበት። አንድ ብቻ ካለ ጠርጥሩ። ልኩን ራሱ የሚያስተካክል ሞዴል የእርጥበት ማስተካከያ ላይኖረው ይችላል፤ ግን ያ ከሆነ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት። የሻጭ አፍ መመሪያ አይደለም።

ስለ ጉልበቱ የሚነገራችሁን ቁጥርም እንዲሁ በዝምታ አትቀበሉ። ሳጥኑ ላይ «በሰዓት 85 ሜትር ኩብ» ይላል እንበል። 2 በ2.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በስሌት ፋኑ አየሩን በሰዓት 7 ጊዜ ይቀይራል ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ቱቦ ሳይገጠምበት ነው። ረጅምና የተጨማደደ ተጣጣፊ ቱቦ ሲከተለው በጣም ይወርዳል። ግድግዳ በስቶ ወዲያው ለሚወጣ ቱቦ ተራው ባለ ክንፍ ፋን ይበቃል። በኮርኒስ ውስጥ ብዙ ሜትር ለሚሄድ ግን አየርን በግፊት የሚገፋው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ዓይነት ነው የሚያዋጣው። ቱቦው እስከ ውጭ መድረሱንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። እንፋሎቱን ኮርኒስ ውስጥ ለቅቆ መሄድ ሻጋታውን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ጣሪያው እንጨት ማዛወር ነው።

ከተገጠመ በኋላ አንድ ስስ ወረቀት ወደ ፋኑ አስጠጉ። ካልተለጠፈ በሩን ከፍታችሁ ድገሙት። በሩ ሲከፈት ከተለጠፈ ፋኑ ጤነኛ ነው፣ የሚገባ አየር አጥቶ ነው፤ በበሩ ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልገዋል።

ስለ ድምፁ ደግሞ ባጭሩ፦ ዴሲቤሉ በስንት ሜትር ርቀት እንደተለካ ጠይቁ። ያው ፋን በ3 ሜትር ሲለካ በ1 ሜትር ከሚለካው 9 ወይም 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። ርቀት ያልተጻፈበት ቁጥር ለማወዳደር አይጠቅምም።

ቤታችሁ ሁለት ገመድ ብቻ ካለው መፍትሔ አለ። ብዙዎቹ ባለ ሴንሰር ፋኖች ከመብራቱ ጋር መነሳታቸው ከቀረ በኤል እና በኤን ብቻ ይሠራሉ። ሁለቱ ገመዶች ግን ማብሪያው የማይቆርጣቸው መሆን አለባቸው። ባለሙያው ፌዙን ከማብሪያው በፊት ካለው ቦታ ማምጣት ይችል እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አስዩት። ግድግዳ መቦርቦር የሚጠይቅ ከሆነ ወጪውን ከፋኑ ዋጋ ጋር ደምሩትና ወስኑ። ተራ ፋን በራሱ ማብሪያ መግጠም ከማይሠራ ሴንሰር በእጅጉ ይሻላል፤ ሻወር ስትጨርሱ መብራቱን አጥፍታችሁ ፋኑን ትተዉት ትወጣላችሁ።

ቦታውንም አስቡ። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ መሠረት ከገንዳው ወይም ከሻወሩ በላይ፣ ከወለሉ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ዞን 1 ይባላል። እዚያ የሚገጠም ፋን ቢያንስ አይፒኤክስ4 የሚል የውሃ መከላከያ ደረጃ ሊኖረውና አምራቹም ለዚያ ቦታ የፈቀደው ሊሆን ይገባል። ይህም ሳጥኑ ላይ ይጻፋል።

እና ሻጩ «በሁለት ገመድ፣ ከመብራቱ ማብሪያ ላይ ታስሮም ሴንሰሩ ይሠራል» ብሎ ከሞገታችሁ፣ ቃሉን ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ካልጻፈ አትግዙ። ከገዛችሁ ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን የእንፋሎት ሙከራ እስክትጨርሱ ሳጥኑን፣ መመሪያውንና ደረሰኙን አትጣሉ።