የቅዳሜው የቾክ ፖርትሬት ክላስ ያዋጣል ወይ?

አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ አሮጌ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ የስዕል ክላስ ጨረስኩ። ስድስት ሳምንት፣ 4500 ብር። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለ አስተማሪውን ደንበኛ ላሳጣው አልፈልግም።

ቾክ ሲሉ እኔ የመሰለኝ የሰሌዳው ጠመኔ ነበር። ለካ ሌላ ነው፣ ቀዩ ብረት ያለበት አፈር፣ ጥቁሩም ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ሆኖ ድሮ እየቆረጡ ነበር የሚስሉበት፣ አሁን እኛ የያዝነው ኮንቴ የሚባለውን የፋብሪካ ቾክ ነው።

ስድስቱንም ሳምንት የሰራነው አንድ ስዕል ብቻ! የድሮው የፍላንደርስ (የዛሬው ቤልጂየም) ሰዓሊ ሩበንስ የገዛ ልጁን ኒኮላስን የሳለው፣ እ.ኤ.አ. 1619 ገደማ፣ ኦሪጅናሉ ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ነው ያለው። ሕፃኑ አንገቱ ላይ የኮራል ሀብል አለው፣ ያኔ ኮራል ልጅን ከክፉ ይጠብቃል ይባል ነበር፣ ያው የኛ ክታብ በሉት። መጀመሪያ ቀን በልቤ ተበላሁ ነው ያልኩት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ግን አስተማሪው ነጭ ወረቀታችንን ሰበሰበና ካኪ ፖስታ ቀዶ አደለን። ቆዳውን አትሳሉት፣ ወረቀቱ ራሱ ቆዳ ነው አለን። ጥቁሩ ለፀጉሩና ለጥላው፣ ቀዩ ለጉንጭ ለከንፈርና ለጆሮ፣ ነጩ ግንባሩና አፍንጫው ጫፍ ላይ ነካ ብቻ፣ ሌላውን ተዉት። መተው እንዴት እንደሚከብድ! እጄ መሙላት ነው የሚፈልገው፣ ነጩ ጥቁሩ ላይ ከሄደ ደግሞ አለቀ፣ ፊቱ አመድ ይለብሳል (የኔ ኒኮላስ ሦስት ጊዜ ሞቷል)። ዓይን ስስል ደሞ ዙሪያውን በጥቁር እከባለሁ፣ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየሁ ያደግኩት እንደዛ ነዋ፣ መጥቶ አየና "የኔ እህት፣ ይሄ መልአክ አይደለም ሕፃን ነው" ብሎኝ አለፈ። ከዛ በኋላ ነው የዓይኑ ቆብ ጋ መስመር ሳይሆን ጥላ እንዳለ ያየሁት፣ ለዛች አንድ ዓይን ሙሉ ከሰዓት ሄደ፣ ስልኬን እንኳን አልነካሁም።

ማጥፊያችን የዳቦ ልብ ነው፣ የድሮዎቹም በዳቦ ነበር የሚያጠፉት። ጥቁሩን ያነሳል፣ ቀዩ ግን ወይ ፍንክች። ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ ማጥፊያቸውን በሻይ በልተውት ከጎረቤት ሲለምኑ ነበር።

አሁን ወቀሳው። የሚያድሉት ኮፒ አሳፋሪ ነው፣ ቀዩ ወይን ጠጅ ሆኖ የወጣ፣ በሱ አይታችሁ ከሰራችሁ ልጁ በብርድ የደረቀ ነው የሚመስለው። 14 ሰው አንድ ክፍል፣ ኋላ የተቀመጠ አስተማሪው ሲስል አያይም፣ እኔ ሁለት ሳምንት ቆሜ ነው ያየሁት። እቃ ከኛ ነው ብለው መዝግበው ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀይ ኮንቴ ለሁለት ሰብራችሁ ተካፈሉ። መጨረሻ ላይ ደሞ እንዳይለቅ ብለው የፀጉር ስፕሬይ ነፉበት፣ ያ ሁሉ የለፋሁበት ነጭ ግማሹ ጠፋ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

በስድስት ሳምንት የሰው ፎቶ አስመስዬ እስላለሁ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። እኔ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ፣ ኮፒዬን ግን ራሴ በከለር አሳትሜ፣ ስፕሬዩንም እምቢ ብዬ ነው።