ፎቶ የሚያስተካክል ኤአይ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ እምቢታውን ፈትሹ

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳለች። ትከሻዋ ላይ የቦርሳ ማንገቻ አለ። እሱን ብቻ ከብቤ «አጥፋው» አልኩ። መሣሪያው ጥቂት ሰከንድ ቆየና መመሪያችንን ይጥሳል ብሎኝ አረፈው። የትኛውን መመሪያ? ዝም። ደገምኩት፣ ያው ነው። በሦስተኛው የከበብኩትን ሰፋ አድርጌ ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ትንሽ ጨመርኩበትና ያንኑ ቃል ጻፍኩ። ሰተት ብሎ ሠራው።

ፎቶውም ሐሳቤም አልተለወጠም። የተለወጠው የከበብኩት ቦታ ውስጥ ያለው የቆዳ መጠን ነው። ቆዳ ብቻውን ሲታይ እርቃን መሰለው፣ ግድግዳ ሲቀላቀልበት ደግሞ ተረጋጋ። ከዚያ ወዲህ ምን ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ የማስታወቂያ ናሙናዎቹን ውበት ተዉትና፣ ሲከለክላችሁ ምን እንደሚል፣ ከተከለከላችሁ በኋላም እዚያው ውስጥ ሌላ መውጫ እንዳለ እዩ።

ማጣሪያ ሲባል አንድ በር ብቻ አይምሰላችሁ። ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ነው የሚቆመው። አንዱ የጻፋችሁትን ቃል ያያል፣ አንዱ የሰቀላችሁትን ፎቶ፣ ሌላው ሞዴሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው ኤአይ፣ ሠርቶ የጨረሰውን ምስል ከእናንተ በፊት አይቶ ይጥለዋል። አናዳጁ ሦስተኛው ነው። እናንተ ምንም ሳታጠፉ ሞዴሉ በራሱ ጊዜ ለሳለው ነገር ትቀጣላችሁ። ቃል እየቀያየራችሁ ስትደክሙ የምትውሉትም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ችግሩ ቃሉ ላይ አልነበረም።

ኩባንያዎቹ የሚፈሩት ነገር እንዳለ አልክድም። የሰው ፎቶ ወስዶ ልብሱን የሚያወልቅ ሰው አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ባወጣችው ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ምስል ማሰራጨት፣ በኤአይ የተሠራውን ጨምሮ፣ ወንጀል ሆኗል፤ ድረ ገጾችም ጥያቄ ሲቀርብላቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ማውረድ አለባቸው። በዚህ ጥል የለኝም። የእኔ ጥል የቦርሳ ማንገቻውን ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ላይ ከሚያስረው ጋር ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ።

ፎቶሾፕ። ጀነሬቲቭ ፊል የሚባለው፣ የከበባችሁትን ቦታ በኤአይ የሚሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው መሣሪያ ሥራውን የሚሠራው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፣ ማጣሪያውም እዚያው ነው። ቆዳ የበዛበት ፎቶ ላይ ያለ ምክንያት ይከለክላል የሚለው ሮሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተለየውም። ግን ፎቶሾፕን ከሌሎቹ የሚለየው እምቢ ሲላችሁ ባዶ እጃችሁን አለመተዉ ነው። ሪሙቭ ቱል የሚባለው ማጥፊያ ላይ ጀነሬቲቭ ኤአይን የምታጠፉበት ምርጫ አለ። ስታጠፉት ሥራው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሆናል፣ ማንም መመሪያ አያነብላችሁም። «ኮንቴንት አዌር ፊል» የሚባለውም አለ፣ ቦታውን በዙሪያው ባለው የሚሞላ፣ ከ2010 ጀምሮ እዚያው የተቀመጠ ሽማግሌ። ማንገቻ፣ ጭረት፣ ብጉር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማጥፋት እነዚህ ሁለቱ በቂ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ለኤአይ የሚሰጠው ሥራ ኤአይ የማያስፈልገው ነው። ሌላም ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2025 ጀነሬቲቭ ፊል ውስጥ የጉግልንና ፍላክስ የተባሉትን ሞዴሎች መምረጥ ተጀምሯል። አንዱ ሲያኮርፍ ሌላውን መሞከር ትችላላችሁ።

ቻትጂፒቲ። ጥሩ ጎኑ እንደ ሰው ታናግሩታላችሁ። «ይሄ የእናቴ የድሮ ፎቶ ነው፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ጭረት ብቻ አንሳልኝ» ብሎ ማስረዳት ይቻላል፣ ማስረዳቱም አንዳንዴ ይጠቅማል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ማንገቻውን ብቻ አጥፋ ስትሉት ምስሉን እንዳለ አዲስ አድርጎ ይሠራዋል። ስለዚህ ማጣሪያውን አልፋችሁም ፊቱ ትንሽ ተቀይሮ፣ የእናታችሁን እህት የመሰለች ሴት ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ግን በኤፒአዩ (ከራሳችሁ ፕሮግራም ሞዴሉን በምትጠሩበት መንገድ) በኩል ጂፒቲ ኢሜጅ 1 በሚባለው የምስል ሞዴሉ ላይ የማጣሪያውን ጥብቀት ከመደበኛው ወደ ዝቅተኛ የምታወርዱበት መምረጫ አለ። አፑ ላይ ይህ የለም። ያው ኩባንያ፣ ሁለት ጸባይ።

ጉግል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ጌሚናይ የተባለው ኤአዩ ሰው መሳል እስከማቆም ደርሶ ነበር፣ የተመለሰውም ከወራት በኋላ ነው። በ2025 የመጣው የጌሚናይ ምስል ሠሪ፣ ናኖ ባናና፣ ፊትን ጠብቆ በማስተካከል በጣም ጎበዝ ነው፤ ለዚህ ብቻ ቢሆን ከቻትጂፒቲ አስቀድመው ነበር። እዚህም አፑና ኤፒአዩ ይለያያሉ። በኤፒአዩ የትንኮሳ፣ የጥላቻ፣ የወሲብና የአደገኛ ይዘት ማጣሪያዎችን ለየብቻ ላላ ወይም ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ሕፃናትን የሚጠብቀው ግን አይነካም፣ ደግሞም አይገባም። ስልካችሁ ላይ ያለውን የጉግል ፎቶስ ማጂክ ኤዲተር ግን ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ መታወቂያ፣ ደረሰኝ፣ የሰው ፊትና የሰውነት ክፍል ላይ አንዳንድ ማስተካከያዎችን እንደማይሠራ ጉግል ራሱ በግልጽ ጽፏል።  በነገራችን ላይ እንዲህ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ አያናድደኝም።

የራስ ኮምፒውተር። ስቴብል ዲፊውዥን፣ ፍላክስ ኮንቴክስት፣ ክዌን ኢሜጅ ኤዲት የሚወርዱ የምስል ሞዴሎች ናቸው፤ አውርዳችሁ ኮምፊዩአይ በሚባል ፕሮግራም ወይም ክሪታ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በሚጫን ተጨማሪ ታስነሷቸዋላችሁ። ፎቶው ከቤታችሁ አይወጣም፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛም የለም። ግን እዚህም ማጣሪያ የለም ብላችሁ አትሸወዱ። ከስቴብል ዲፊውዥን ጋር ይመጣ የነበረው መፈተሻ ያልወደደውን ምስል ጥቁር አራት ማዕዘን አድርጎ ነበር የሚሰጣችሁ። ማጣሪያ ሞዴሉ ሲሠለጥን የሚገባበትም ጊዜ አለ። ሁለተኛው ስቴብል ዲፊውዥን ሲወጣ እርቃን ምስሎች ከማሠልጠኛው ተለቅመው ወጥተው ነበር፣ ተጠቃሚዎችም የሰው አካል አሳሳሉ ባሰበት ብለው ጮኹ። ይህን ዓይነቱን በምንም ቁልፍ አትከፍቱትም።

ዋጋው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፍላክስ ኮንቴክስት 12 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተሠራባቸው ቁጥሮች) አለው፤ ሳይጨመቅ በ16 ቢት ከተጫነ ሞዴሉ ብቻውን ከካርዱ ማህደረ ትውስታ 24 ጊጋባይት ይበላል። የተጨመቁ ቅጂዎች ትንሽ ካርድ ላይም ይሄዳሉ፣ ጥራቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል። ፈቃዱንም አንብቡ፦ የሚወርደው ኮንቴክስት የተለየ ፈቃድ ሳትገዙ ለንግድ ሥራ አልተፈቀደም፣ ክዌን ግን ፈቃዱ አፓቺ 2.0 የሚባለው ክፍት ፈቃድ ስለሆነ ይፈቅዳል። ደግሞ መጫኑ ላይ አንድ ቅዳሜያችሁ ይሄዳል። የእኔ ሁለት ወስዷል።

እንግዲህ የሰው ፎቶ እያጸዳችሁ የምትኖሩ ከሆነ ፎቶሾፕ፤ ለኤአዩ ሳይሆን ለእነዚያ ኤአይ ላልሆኑት መሣሪያዎቹ። አልፎ አልፎ አንድ ፎቶ ለምታስተካክሉ ጌሚናይ ይበቃል። የሕክምና ፎቶ፣ የዋና ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ካታሎግ፣ ቁስልና ደም የሚታይበት የቲያትር ሜካፕ ከሆነ ሥራችሁ፣ የሰርቨር ነገር ዕድሜያችሁን ይበላል፤ ገንዘቡን ካርድ ላይ አውሉት።

የፈለጋችሁትን ብትመርጡም የዓመት ክፍያ ላይ አትዝለሉ። መጀመሪያ የወር ግዙ፣ ወይም በነፃ ሙከራው ጀምሩ። ከራሳችሁ ፎቶዎች አሥሩን ውሰዱ፣ ሌላ ቦታ የተከለከሉባችሁን አስቀድሙ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሞክሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የከለከለና ሁለቴም የከለከለ አንድ አይደሉም። እኔ አሁንም ያንን የትከሻ ፎቶ አስቀምጬዋለሁ። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ፈተና እሱ ነው።